አልቅቱና የሐኪሙ ቃል

አልቅት አጥንት የለውም፤ ሩጫ አያውቅም፤ ቀንድ፣ ጥፍር፣ መርዝ የሚባል ነገርም አልተሰጠውም። እንዲህ ያለ ፍጥረት እንዴት ብሎ በዚህ ዓለም ይኖራል ብትሉኝ ግን ከብዙ ሰው ይልቅ መኖር ያውቅበታል እላችኋለሁ። በእኛ አገር ምንጭና ኩሬ የሚገኘው አልቅት ጥርሱ ደካማ ስለሆነ የሰው እጅ ወይም የከብት ቆዳ መብሳት አይችልም። ስለዚህ ለስላሳ ቦታ ይፈልጋል። ገና ሳያድግ እንደ ክር ቀጥኖ ከውሃው ፊት ላይ ይቆይና አፉን ደፍቶ የሚጠጣ ፍጥረት እስኪመጣለት ይጠብቃል። ከውሃው ጋር አብሮ ከገባ በኋላ ከምላስ ሥር ወይም ከጉሮሮ ጓዳ ይጣበቃል። ሲነክስ አያምም፤ ደሙንም እንዳይረጋ ያደርገዋል። አንዱ አልቅት ራሱ ወንድም ሴትም ነው። ኩሬው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ክረምትን ይጠብቃል። አንዴ ከጠገበ ደግሞ ለብዙ ወራት ምንም ሳይቀምስ መቆየት ይችላል። ይህን የመጨረሻውን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ዛሬ ይህን ሁሉ እንደ ዳዊት እደግመዋለሁ። ማወቅ በነበረብኝ ቀን ግን አላወቅሁትም። የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ቆሞ ሲነግረኝም አልሰማሁትም። ልነግራችሁ የተነሣሁት ያንን ነው።

ጊዜው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ጃንሆይ በዙፋናቸው ሳሉ ነው። ዕድሜዬ ሃያ አራት ነበር። የእንጅባራ ዙሪያ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ አፌን የፈታሁት በአገውኛ ነው፣ አማርኛን ያገኘሁት ከትምህርት ቤት። ከአገር ርቄ በአንድ ሆስፒታል ዓመት ከመንፈቅ ተምሬ የድሬሰርነት ወረቀት ይዤ ተመለስሁና ዳንግላ ዳር ባለች ባለሁለት ክፍል ክሊኒክ ተመደብሁ። ድሬሰር ማለት ቁስል አጣቢ፣ መርፌ ወጊ ነው። ሰው ግን ሐኪም ይለኝ ነበር፤ እኔም አላረምሁትም። ነጭ ካፖርቴን ሳጥበው እንኳ መንገደኛ እንዲያየው ከደጅ ነበር የማሰጣው። አባቴማ በእንጅባራ ገበያ «ሐኪሙ ልጄ» የምትለዋን ቃል ለማስገባት ሲሉ ብቻ የማይገዙትን ጨው ዋጋ ይጠይቁ ነበር።

በክሊኒኩ ከእኔ ሌላ የነበሩት አያ ፈንቴ ናቸው። ዘበኛም የበቅሎ ጠባቂም ነበሩ። በወጣትነታቸው ከሲራራ ነጋዴ ጋር በቅሎ እየነዱ እስከ መተከል ቆላ የወረዱ፣ የጋማ ከብት በሽታ በሽታውን እንደ ስማቸው የሚያውቁ ሰው ነበሩ። በዕድሜ አባቴን ይበልጣሉ። ካፖርቱን ከለበስሁ ወዲህ ግን «አንተ» ነበር የምላቸው። እሳቸው ደግሞ እኔን «እርስዎ»።

አትጠገብ ከእኔ በታች የተወለደች ብቸኛ እህቴ ናት። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ለአስማረ ድረናት ከአዲስ ቅዳም አለፍ ብሎ ካለው ከባሏ አባት ቤት ትኖር ነበር። አስማረ ፈረስ ላይ ሲቀመጥ የሚያምርበት፣ ንግግሩ ግን የሚቆጠር ልጅ ነው። ተዋደው ነበር። ይህን የምለው ሰው ስለነገረኝ አይደለም፤ ለፋሲካ ወላጆቼ ቤት ሲመጡ ሁለቱ ያለ ምክንያት ሲሳሳቁ ስላየሁ ነው።

ከፋሲካ በኋላ አምስተኛው ሳምንት ላይ፣ ሰኞ ረፋድ፣ በር ላይ በቅሎ ቆመ። አትጠገብ ተከናንባ ተቀምጣበታለች፤ አስማረ ልጓሙን ይዟል፤ አባቱ አያ ዓለሙ በሌላ በቅሎ ከኋላ ናቸው። ስትወርድ አፏን የያዘችበት ጨርቅ ቀይ ሆኖ አየሁ። ደም መትፋት ከጀመረች ሦስት ሳምንት አልፏታል። ሰባት ቀን ጠበል አስጠምቀዋታል፤ አልቆመም። ጎረቤት ማንሾካሾክ ጀምሯል።

አያ ዓለሙ ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ታሪክ መናገር ይቀለኝ ነበር። ሁለት ወንድሞቻቸውን በሳንባ ነቀርሳ የቀበሩ ሰው ናቸው፤ ሁለቱም ደም እየተፉ ነው የሞቱት። በርጩማ አቀረብሁላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ልጄ» አሉኝ፣ «አንተ የተማርህ ነህ፤ ሌላ ሰው አንጠይቅም። ነቀርሳ ካልሆነ ይዘናት እንመለሳለን፣ እስክትድን እናስታምማታለን። ነቀርሳ ከሆነ ግን ከቤቴ ሦስተኛ ሬሳ አላወጣም፤ ለአባቷ ትመለስ። የተማረ ይግደለኝ ብያለሁ፤ ቃልህን እንሰማለን።»

አስማረ ወደ መሬት ያያል። አትጠገብ እኔን ታያለች። ትዳሯ በእጄ ላይ ነበር፤ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ወደ ውስጥ አስገባኋት። ማዳመጫውን ከደረቷም ከጀርባዋም አስጠጋሁ፤ ሳንባዋ ንጹሕ ነበር። ትኩሳት የላትም። አልከሳችም፤ ፊቷ ብቻ ነጥቷል። ድምፅዋ ጎርንኗል። የእጅ ባትሪው ድንጋይ ካለቀ ወር ሆኖት ስለነበር ከመስኮቱ አጠገብ አቁሜ አፏን አስከፈትሁና በማንኪያ እጀታ ምላሷን ተጭኜ አየሁ። ከጉሮሮዋ ጓዳ ጥቁር ነገር ታየኝ። የረጋ ደም ነው ብዬ አለፍሁት።

«ምን ይሰማሻል?» አልኋት።

«ጉሮሮዬ ውስጥ የሚሄድ ነገር አለ፣ ወንድምዓለም። ሌሊት ይሄዳል።»

«አክታ ነው» አልኋት።

ከትምህርት ቤት ያመጣሁት ደብተር ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ አንዳንዴ ጉሮሮን እንደሚይዝና ድምፅን እንደሚያጎረንን የሚል አንድ መስመር ነበር። መምህራችን ብዙ ጊዜ አይገጥማችሁም ብሎ ያለፈው ነገር ነው። ያችን መስመር ሳስታውስ የተሰማኝን ልንገራችሁ፤ ካልነገርኋችሁ ይህ ሁሉ ወሬ ከንቱ ነው። ደስ አለኝ። ለእህቴ ከማዘኔ በፊት፣ ብዙ ሐኪም የማያገኘውን አገኘሁት ብዬ ደስ አለኝ። ቆይቶ ነው ሐዘኑ የመጣው።

አያ ፈንቴ ለመታጠቢያ ውሃ ይዘው ገብተው ነበር። ጨርቁን አዩ፣ ፊቷን አዩ፤ ማሰሮውን አስቀምጠው አልወጡም።

«ሐኪም» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «በቅሎ ብትሆን አልቅት ነው እል ነበር።»

ማንኪያውን መጥረግ ያዝሁ። እሳቸው ግን ወደ እህቴ ዞረው በአገውኛ ጠየቋት፤ ውሃ የምትጠጪው ከየት ነው አሏት። አትጠገብ ወደ እኔ፣ ቀጥሎ አማቷ ወደቆሙበት በር አየችና አንገቷን ደፋች። «ከቅል» አለች።

ይህ ውሸት ነበር። ይህችን ውሸት የሚረዳት የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው። በዚያ ቤት ወግ ሙሽራ ልጅ እስክትወልድ ድረስ አማቷ ባሉበት እህል ውሃ አትቀምስም። አያ ዓለሙ ደግሞ በዚያ በጋ እግራቸውን ታመው ከቤት የማይወጡ ነበሩ። እህቴ ቀኑን ሙሉ እየፈጨች፣ ጭስ እየበላች፣ ጥሟን የምታስታግሰው ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ነው። በእንስራ ጠጣች እንዳይባል፣ ሰው አለመኖሩን አይታ፣ ምንጩ ዳር በጉልበቷ ተንበርክካ አፏን ደፍታ ትጠጣለች። ጨዋ ሴት እንደ ከብት ተደፍታ ጠጣች ከሚባል ሞት ይሻላል። ስለዚህ «ከቅል» አለች።

አያ ፈንቴ ግን አላመኗትም። በቅሎ ሲሆን የሚያደርጉትን ነገሩኝ። ቀኑን ሌሊቱን ውሃ አትጠጣ፣ ጧት ቀዝቃዛ ውሃ በገበቴ አቅርበን አፏን ከፍታ ትጎንበስበት፤ አልቅት ከሆነ ውሃ ሲሸተው ራሱ ይወጣል፤ ካልሆነም አንድ ቀን መጠማት አይገድላትም አሉ። ይኼው ነው። አንድ ቀን ነበር የጠየቁኝ።

እኔ ምን እንዳልሁ ልንገራችሁ። «እህቴን ከበቅሎ ጋር ታስተካክላለህ? ሂድና ሣርህን እጨድ።» ጮክ ብዬ ነው ያልሁት፤ አማቾቿ በር ላይ ናቸውና በቅሎ ጠባቂ የሚያዝዘው ሐኪም መስዬ እንዳልታይ። አያ ፈንቴ ማሰሮውን አንሥተው ወጡ።

አልቅት ከብትና በቅሎ እንደሚይዝ ያጣሁት መሰላችሁ? አባቴ ቤት የወይፈን አፍንጫ ውስጥ ትንባሆ ሲጨምቁ አይቼ ያደግሁ ነኝ። ነገር ግን ያን ሁሉ ከካፖርቱ በፊት ከነበረው ሰውዬ ጋር ትቼዋለሁ። ካፖርቱን የለበሰው የሚያውቀው ደብተሩን ነው።

ከዚያ በኋላ ብቻዬን ጥቂት ተቀመጥሁ። ልደብቅላት አሰብሁ። ጉንፋን ነው ብላቸው ይዘዋት ይሄዳሉ። ግን ነቀርሳው ለአስማረ ቢተላለፍስ? እህቴን ከእውነት አላስበልጥም ብዬ ራሴን ገሠጽሁ። ጀግና ነኝ ብዬ ነበር፤ እንዲህ ያለ ፈተና ያለፈ ወንድም በአገራችን የለም ብዬ ነበር። ወጣሁና በረንዳው ላይ ለአያ ዓለሙ ነገርኋቸው። «የጉሮሮ ነቀርሳ ነው» አልሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

አያ ዓለሙ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ። የእውነት ልቅሶ ነበር። «ወንድሟ ሆኖ እንዲህ ካለ ምን ቀረ?» አሉ። አስማረ ወደ ክፍሉ አንድ እርምጃ ሄደ። አባቱ ክንዱን ያዙት። ቆመ። ከዚያ ጋቢውን አውልቆ ደፉ ላይ አስቀመጠላትና ወደ በቅሎው ሄደ። አያ ዓለሙ ከኮርቻቸው ከረጢት አንድ ቅል አውጥተው ከጋቢው አጠገብ አኖሩ። ከታመመች ወዲህ ለብቻዋ የለዩላት መጠጫ ነው። ይዘውት የመጡት አስቀድመው ፈርተው ነው።

አትጠገብ ከውስጥ ሁሉንም ሰምታለች። አላለቀሰችም። «እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም እውነት ነው አልኋት። ጋቢውን ለብሳ ቁጭ አለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከዚያ ቅል ውሃ አልጠጣም አለች፤ ከሌላ እንዳትጠጣ ደግሞ እኔ ራሴ ከለከልኋት።

ማክሰኞ ጧት ተነሣን። ወላጆቼ ቤት እንጅባራ አድርሻት፣ ከዚያ ራጅ ወዳለበት ወደ ትልቅ ሆስፒታል ልወስዳት ነበር ሐሳቤ። በመንገዱ የጭነት መኪና ያልፍ ነበር፤ ደም የምትተፋ ሴት ግን ከሰው ጋር ማን ይጭናል? በክሊኒኩ በቅሎ አስቀመጥናት፤ አያ ፈንቴ ሳቡ፣ እኔ ከኋላ በእግሬ። ካፖርቴን ጠቅልዬ በብብቴ ይዤዋለሁ። ፀሐይዋ ታቃጥል ነበር። ውሃ ባየን ቁጥር ቅሉን አሳያታለሁ፤ ፊቷን ታዞራለች። አዲስ ቅዳም አመሻሽ ላይ ደርሰን አንድ የማውቀው ሰው ቤት አደርን። እሷን ለብቻዋ እንዲያስተኟት የነገርኋቸው እኔ ነኝ፤ ከበቅሎዋ ጋር አስተኟት።

ረቡዕ ጧት ከአዲስ ቅዳም ስንወጣ የአያ ዓለሙ ቤት ጭስ ከግራ ይታያል። አትጠገብ አላየችውም፤ ማለቴ፣ ሆን ብላ አላየችውም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከአንዲት ትንሽ ወንዝ ደረስን። ቀኑ ገና ቢሆንም ሞቋል። ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ አልቀመሰችም፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበር። ፊቴን ልታጠብ ብላ ወረደችና ዳር ላይ ተንበረከከች። ውሃውን በእፍኟ አንሥታ ወደ ፊቷ ስታስጠጋ በድንገት ቆመች። እጇ በአየር ላይ ቀረ።

«ይሄዳል» አለች፣ አፏን ሳትገጥም።

እኔ ልነሣ ስል አያ ፈንቴ እጃቸውን ዘረጉብኝ። «ዝም በል» አሉኝ። ከዚያ በአገውኛ ለእሷ፤ አፍሽን ክፈቺ፣ ወደ ውሃው ጎንበስ በዪ፣ አትዋጪ፣ አትፍሪ። ቀስ ብለው አጠገቧ ተንበረከኩ። የጋቢያቸውን ጫፍ በእጃቸው ጠቀለሉ።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። በቅሎዋ ጠጥታ ጨርሳ ራሷን አነሣች። ከእህቴ አፍ ምራቅና ደም ወደ ውሃው ይንጠባጠባል። ከዚያ ከምላሷ ጀርባ አንድ ጥቁር ነገር ብቅ አለ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ብቅ አለ። ረዘመ። ጫፉ ወዲያ ወዲህ እያለ ውሃውን ፈለገ። የጣቴን ያህል ወፍሯል። ከማንኪያው እጀታ ሥር ሰኞ ዕለት አይቼ የረጋ ደም ነው ብዬ ያለፍሁት ያው ጥቁር ነገር ነበር። አያ ፈንቴ በጋቢያቸው ጫፍ ያዙት፤ አልጎተቱም፣ ያዙት ብቻ፤ በሌላኛው እጃቸው ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሱ ጠበቁት። ለቀቀ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አኖሩት። እየተኮማተረ ወደ ወንዙ መጓዝ ጀመረ።

ድንጋዩ አጠገብ ተቀመጥሁ። አትጠገብ ጥቂት ደም ተፋች፣ ውሃ ተጉመጠመጠች፣ እንደገና ተጉመጠመጠች። ውሃው እየነጣ መጣ። ከዚያ አልቅቱን አየች፣ እኔን አየች፣ አያ ፈንቴን አየች። ሳቀች። በሕይወቴ ውስጥ እንደዚያ ሳቅ የጎዳኝ ነገር የለም፤ የደስታ ሳቅ ነበር።

«እንመለስ» አለች፣ «አስማረ ይወቅ። አሁኑኑ እንመለስ።»

አያ ፈንቴን «ለምን አልጮሁብኝም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውን «እርስዎ» ስል የመጀመሪያዬ ነበር። እሳቸው በቅሎዋን እያስተካከሉ፣ «ብጮህ ትሰማኝ ነበር?» አሉ። አልቅቱን ከያዝኋቸው የመድኃኒት ጠርሙሶች ባዶውን መርጬ ውሃ ሞልቼ ከተትሁት። ማስረጃ ነው ብዬ።

አያ ዓለሙ ቤት ስንደርስ ከአጥሩ ውጭ የተቃጠለ ነገር አመዱ ገና ይጨስ ነበር። የተኛችበት አጎዛና የሣር ፍራሽ ነው። ቤቱ እንደ አዲስ በእበት ተለቅልቋል። ቄስ መጥተው ጠበል ረጭተዋል። ሁለት ቀን ብቻ ነበር ያለፈው፤ እሷ ግን ከዚያ ቤት ታጥባ ወጥታለች።

በር ላይ አስቆሙን። እኔ ሁሉንም ተናገርሁ። ተሳስቻለሁ አልሁ፤ ይህን ቃል በሰው ፊት ስናገርም የመጀመሪያዬ ነበር። ጠርሙሱን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። አያ ዓለሙ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አልቅት በየምንጩ አለ፣ ልጄ» አሉ።

አያ ፈንቴ በእምነታቸው ማሉ። የአስማረ እናት ግን ከውስጥ ወጥተው ነገሩን ከሌላ ጎን ያዙት። ምራታችን አልቅት የገባባት ተደፍታ ጠጥታ ነው ማለት ነው? ከቤታችን ቅል ጠፍቶ ነው? ውሃ ከልክለናት ነው? አስማረ ከአባቱ ኋላ ቆሞ ነበር። ሰኞ ዕለት አያ ፈንቴ የጠየቋትን ያንኑ ጥያቄ እሱ ጠየቃት፤ «ከየት ጠጣሽ?»

አትጠገብ ያን ጊዜ እውነቱን ተናገረች። «ከምንጩ። ተደፍቼ» አለች። ሰኞ ቢሆን ያድናት የነበረው እውነት ረቡዕ ስድብ ሆነባት። እናትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እንዲህ ብላ በቤታችን ስም ታወጣብን? አሉ።

አያ ዓለሙ ግን አልተቆጡም። አጠገቤ መጥተው ትከሻዬን ያዙኝና ዕድሜ ልኬን የምሰማውን ነገር ነገሩኝ።

«ሰኞ ዕለት ያመንሁህ ለምን መሰለህ? ወንድሟ ስለሆንህ ነው። ወንድም በእህቱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር በሐሰት አይናገርም ብዬ ነው። ዛሬ የማላምንህም ወንድሟ ስለሆንህ ነው። አዝነህላት ነው፤ እኔም ብሆን አደርገው ነበር። አልፈርድብህም።»

እንደ ሰው ቢያስቡት ትክክል ነበሩ። አስማረ አንድ ጊዜ ወደ እሷ አየና ወደ ቤት ገባ። ጋቢው አሁንም ትከሻዋ ላይ ነበር። አውልቃ አጥሩ ላይ ሰቀለችው።

ወደ ሆስፒታል ወሰድኋት፤ በራጅ ታየች፤ ሳንባዋ ንጹሕ ነው የሚል የእንግሊዝኛ ወረቀት ሰጡን። ወረቀቱን ለሽማግሌዎች አነበብሁ። ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ የተጻፈው ይህ ለመሆኑስ ማን ይመስክርልኝ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? አስማረ በተከታዩ ጥር ሌላ አገባ። አገሩ ሁሉ «ያች ነቀርሳ ያለባት» ይላት ጀመር። ድግስ ቤት ስትገባ መጠጫዋን ለብቻ ያኖሩላታል፤ በትሕትና ነው፣ «አንቺ እዚህ ይሻልሻል» እያሉ። ወላጆቼ እስኪሞቱ ከእነሱ ጋር፣ ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር ኖረች። አላገባችም። አልሳለችም። አንድ ቀን እንኳ በሳንባዋ ታማ አታውቅም፤ ከአርባ ዓመት በላይ።

የጠርሙሱን ነገር አልረሳሁም። ወስዳ እሷ አኖረችው። አልቅቱ ምንም ሳይበላ ሰኔን፣ ክረምቱን፣ መስከረምን አለፈ። ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃውን ትቀይርለት ነበር። እናቴ ይህን ርኩስ ነገር ጣይው ብትላት «ምስክሬ ነው» አለቻት። ሰው በመጣ ቁጥር ታሳያለች፤ ሰው አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ቀን ስትቀይርለት አጠገቧ ቆሜ፣ ይኼ ፍጥረት ምን በልቶ ነው እስካሁን የሚኖረው? አልሁ፤ ለራሴ ያህል ነው ያልሁት።

«የእኔን ደም» አለች። «አንዴ የጠጣው ይበቃዋል።»

ዓመት ሊደፍን ጥቂት ሲቀረው፣ በሚያዝያ ሞቶ ተገኘ። ጠርሙሱን አጥባ መልሳ ሰጠችኝ፤ የክሊኒኩ ነው ብላ።

ይቅርታ የጠየቅኋት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሁለታችንም ሸምግለን ነበር። በዚያ ቀን የተናገርሁት እውነት መስሎኝ ነው፣ ልዋሽላቸው አስቤ ኅሊናዬ እንቢ ብሎኝ ነው አልኋት። ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋዋን አላቆመችም።

«ሌላ ወንድም ቢሆን ይዋሽልኝ ነበር» አለች።

እናንተ አንባቢዎቼ ከዚህ ምን ትምህርት አገኘህ ትሉኝ ይሆናል። አገኘሁ። እስከ ጡረታዬ ድረስ በሽተኛ ሲመጣ ከደብተሬ በፊት ይዞት የመጣውን ሰው፣ በቅሎ ጠባቂም ይሁን ዘበኛ፣ ምን ይመስልሃል ብዬ እጠይቅ ነበር። የማላውቀውን አላውቅም ማለት ተማርሁ። በዚህም የዳኑ ሰዎች አሉ። ግን ይህን ስጽፍ ነፍሴ እንድትጽናና ብዬ አይደለም። እነዚያ ሰዎች የዳኑት በእህቴ ዕዳ ነው፤ እሷን ማንም አልጠየቃትም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አሽቼዋለሁ።

አትጠገብ የሞተችው በደም ግፊት ነው፣ በአንድ ጧት፣ ቁጭ ብላ። ለቅሶዋ ላይ ብዙ ሰው መጣ። ሦስተኛው ቀን አንድ ዘንግ የያዘ ሽማግሌ ከአዲስ ቅዳም ድረስ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አስማረ ነበር። ሚስቱ ሞታበታለች፤ የልጅ ልጆች አሉት። ድሮም ንግግሩ የሚቆጠር ነው። ከዚያ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ፣ ከልቡ አዝኖ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«በመጨረሻው ያው ነቀርሳው ወሰዳት አይደል?»

አፌን ከፈትሁ። ሁሉም ነገር እዚያው ምላሴ ላይ ነበር፤ ወንዙ፣ ጠርሙሱ፣ ወረቀቱ፣ ያ ሁሉ ዓመት ያለ ሳል። ዓይኑን አየሁት፤ ምን ብዬ ብነግረው ምን እንደሚል አወቅሁ። ወንድሟ ነኝና ዝም አልሁ።